ቆጠራና ነገራ

ጠጋኝ፦ ይህን ሁሉ ወረቀት የዘረጋሽው ለአንዲት አይሲ ነው?

ነዳፊ፦ አይሲዋን የሚፈትን ቦርድ ነው ጋሼ። በዚህ በኩል ኃይል ይገባል፣ በዚህ ሰዓቱ ይመታል፣ ይህ ደግሞ ከሦስቱ ፌዝ ምልክት የሚቀበለው ክፍል ነው። አይሲዋ ገና አልመጣችም። እስክትመጣ ቦርዱ ይድረስ ብዬ ነው።

ጠጋኝ፦ እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ራዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን ለአይሲ ቦርድ ሲሠራ አላየሁም። ለቦርዱ ነው አይሲ የሚገዛው። የተቃጠለውን ትነቅያለሽ፣ ቁጥሩን ታያለሽ፣ ያንኑ ከመርካቶ አስመጥተሽ ትበይጃለሽ።

ነዳፊ፦ ይቺን መርካቶ አያገኟትም። የነደፍኳት እኔ ነኝ።

ጠጋኝ፦ ምን ትሠራለች?

ነዳፊ፦ ወፍጮ ቤት ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር እየዞረ አንዱ ፌዝ ሲጎድል ታስቆመዋለች። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ አንድ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ሦስቱ ፌዞች በ6.67 ሚሊሰከንድ ልዩነት ይከታተላሉ። ሰዓቷን በሰከንድ 10,000 ጊዜ ብመታላት ከአንዱ ፌዝ እስከሚቀጥለው 67 ገደማ ትቆጥራለች። ቁጥሩ ከተዛባ ወይም አንዱ ምት ከቀረ ኮንታክተሩን ታስለቅቃለች። ሦስቱም አብረው ከጠፉ ግን መብራት ሄደ ማለት ስለሆነ ፌዝ ጎደለ አትልም።

ጠጋኝ፦ ጉዳዩስ እውነተኛ ጉዳይ ነው። ባለፈው በቆሎ በገባ ጊዜ ከማንኩሳ በኩል አንድ ባለወፍጮ ሞተሩን በጋሪ ጭኖ አመጣልኝ። ስከፍተው ከሦስቱ ጥቅልል ሁለቱ ከስለዋል፣ አንዱ እንደ አዲስ ያበራል። ያን ሳይ ፌዝ ጎድሎበት እንደነበር መጠየቅም አላስፈለገኝ። ኦቨርሎዱስ የታለ ብለው፣ እየቆረጠ ሥራ አስፈታኝ ብሎ በሽቦ አገናኝቶታል። ግን ልጄ፣ ለዚህ ጉዳይ ያለቀለት ሪሌ ይሸጣል። ሣጥኑን ገዝቶ ሦስቱን ገመድ ማሰር ነው። ከሥሩ መጀመር ለምን አስፈለገሽ?

ነዳፊ፦ ያን ሪሌ ከፍተው ያውቃሉ?

ጠጋኝ፦ አውቃለሁ። ውስጡ ሬዚስተር፣ ካፓሲተር፣ አንዲት ትንሽ ሪሌና ቁጥሯ የተፋቀ አንዲት ጥቁር አይሲ አለ።

ነዳፊ፦ እሱ ነው ነገሩ። ቁጥሯ የተፋቀችው ስትሞት ሣጥኑ ይጣላል። እስከ ስንት እንደምትቆጥር፣ ምን ያህል እንደምትታገሥ፣ ለምን ባልሆነ ጊዜ እንደምትቆርጥ እርስዎም አያውቁ፣ እኔም አላውቅ። ለተማሪዎቼም የማስተምረው ከውጭ የሚታየውን እግሯን ብቻ ነው። አንዲት ቺፕ እስከ መጨረሻው ጌት ድረስ የማውቃት እንድትሆን ፈለግሁ።

ጠጋኝ፦ የቺፕ ፋብሪካ ግን እዚህ የለም።

ነዳፊ፦ ፋብሪካውን በጋራ ነው የምንጠቀመው። ከቡሬ ሦስት ጆንያ በርበሬ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ሰው ኢሱዙ ብቻውን አይከራይም። ጆንያው ላይ ምልክቱን አድርጎ ከሌላው ሰው ጭነት ጋር ይልከዋል። በቺፕም እንደዚሁ ነው። ሊን ኮንዌይ የሚባሉ ሴት እ.ኤ.አ. በ1978 በኤም አይ ቲ ሲያስተምሩ የተማሪዎቻቸውን ንድፎች ሰብስበው አንድ ላይ አስመረቱላቸው፤ ተማሪዎቹም ትምህርቱ ካለቀ ብዙም ሳይቆይ የየራሳቸውን ቺፕ ተቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ጉግልና ስካይወተር የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ የ130 ናኖሜትሩን አሠራር ሰነድ ለማንም ከፈቱት። ከሁለት ዓመት በኋላ ታይኒ ቴፕአውት የሚባል ሥራ ተጀመረና በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን ንድፍ አንድ ቺፕ ላይ ማሳፈር ያዘ። የኔ ድርሻ 160 በ100 ማይክሮሜትር ነው፤ አንድ ሁለት የፀጉር ውፍረት ቢሆን ነው። 1,000 ያህል ጌት ይይዛል። ለመቁጠር ይበቃኛል።

ጠጋኝ፦ ስሚኝ፤ እነዚህ ሰዎች ቺፑን ሲልኩ ቦርድ አብረው አይሸጡም?

ነዳፊ፦ ይሸጣሉ። ማብሪያ ማጥፊያ ያለበት፣ ቁጥር የሚያሳይ መብራት ያለበት፣ ቺፑን የምታዝ ሌላ ማይክሮኮንትሮለር የተበየደችበት ጥሩ ቦርድ አላቸው።

ጠጋኝ፦ ታዲያ እሱን ግዥና ተገላገይ።

ነዳፊ፦ እሱ ለሁሉም ሰው ታስቦ የተሠራ ነው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ በጣቴ አንድና ዜሮ ብሰጣት ትመልስልኛለች። የወፍጮ ቤት ገመድ ግን ልቀጥልበት አልችልም፤ ቺፗም ላፕቶፔም እኔም አብረን እንቃጠላለን። ደግሞ ቺፗ ስንት ሚሊአምፔር እንደምትስብ መለካት እፈልጋለሁ። ስለዚህ ሁለት ክፍል ያለው ቦርድ ነው የማስበው። በአንድ በኩል 220 ቮልቱ ይገባል፣ በሌላ በኩል 3.3 ቮልት ብቻ አለ፣ መሀላቸውን በብርሃን የሚያገናኝ ኦፕቶካፕለር እንጂ ገመድ አይሻገርም።

ጠጋኝ፦ ፒሲ817 ነው የምትይው? እሷማ እዚህ ጣሳ ሙሉ አለች። ከሞተ ቴሌቪዥን ፓወር ሁሉ እየነቀልኩ አጠራቅሜያታለሁ። ለሦስት ፌዝ ሦስት ይበቃሻል። ከፊቷ ሁለት 47 ኪሎ ኦም አከታትለሽ ብታስገቢ ሙቀቱን ይካፈሉታል። ለተገላቢጦሹ ግማሽ ዙር አንድ ዳዮድ በጀርባዋ አልብሻት፣ አለዚያ ትሞትብሻለች። ከሥሯ ደግሞ ቦርዱን ሰንጥቂው። አቧራና እርጥበት ሲጠራቀም መብራቱ በቦርዱ ፊት ላይ እየተሳበ ይሻገራል። የወፍጮ ቤት አቧራ ዱቄት ነው፤ ዱቄት ደግሞ ክረምት ላይ እርጥበት ይይዛል።

ነዳፊ፦ ስንጥቁን አላሰብኩትም ነበር።

ጠጋኝ፦ እኔ ምክር ሰጠሁሽ እንጂ አልተስማማሁም። ቆጠራዋን በኮምፒውተር ሞክረሻት የለም እንዴ?

ነዳፊ፦ ሞክሬያታለሁ። እንደተፈለገ በሚዋቀረው ቺፕ፣ በኤፍፒጂኤ ላይም ጭኛት በትክክል ሠርታለች።

ጠጋኝ፦ ከሠራች ሠራች ነዋ! ምኗን ትፈትኛለሽ?

ነዳፊ፦ ኤፍፒጂኤው ላይ ስትነሣ ቆጣሪዎቿ ሁሉ ዜሮ ሆነው ነው የሚጀምሩት፤ እሱ እንደዚያ ያደርግላታል። በእውነተኛዋ ቺፕ ላይ ግን ኃይል ሲገባ አንዱ ቢት ዜሮ፣ ሌላው አንድ ሆኖ ሊነሣ ይችላል። ሪሴቱን አንድ ቦታ ረስቼ ከሆነ ኮምፒውተሩ ሸፍኖልኝ አልፏል፤ ቺፗ ግን ታጋልጠኛለች። መብራት በቀን ሦስት አራት ጊዜ ሄዶ በሚመጣበት ቦታ ለምትሠራ ቺፕ ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ይህ ነው። ቦርዱ ኃይሏን መቶ ጊዜ እያጠፋ እያበራ፣ መቶውንም ጊዜ በትክክል መነሣቷን እንዲመዘግብ አድርጌ ነው የምሠራው። ጋሼ፣ እርስዎ በልጅነትዎ ቅኔ ቤት ነበሩ አይደል?

ጠጋኝ፦ ዋሸራ ሁለት ዓመት ቆይቻለሁ።

ነዳፊ፦ ተማሪው ቅኔ ሲቆጥር ብቻውን ዛፍ ሥር ነው። እዚያ ሁሉም ቅኔ ያምራል። ነገራ ሲደርስ ግን መምህሩ ፊት ይቆማል።

ጠጋኝ፦ ቆሜ አውቃለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ያሳመርኩት ቅኔ በሁለተኛው ቤት ላይ ሲሰበር ጓደኞቼ ፊት ነው የሰማሁት። መምህሩ አልተቆጡም። እንደገና ቁጠር ብቻ አሉኝ።

ነዳፊ፦ እስካሁን የሠራሁት ቆጠራውን ነው። ይህ ቦርድ ነገራው ነው።

ጠጋኝ፦ ጥሩ ብለሻል። ግን ቅኔ ሲሰበር ዳግመኛ ለመቁጠር የሚያስፈልገው ሌላ ሌሊት ነው፤ ያንቺ ግን ዶላር ይፈልጋል። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በ57 ብር የምናውቀው ዶላር ከመቶ በላይ ሆኗል። ቦርዱ ከቻይና፣ ቺፑ ከአሜሪካ፣ ክፍያው በሰው ካርድ፣ ዕቃው ጉምሩክ። በነሐሴ 2015 ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት በአማራ ክልል ተዘግቶ ለወራት ቆየ። ያኔ ብትሆኚ ንድፍሽን በምን ትልኪው ነበር? ያም ይሁን እሺ። እነዚያ ሰዎች ራሳቸው ቢዘጉስ?

ነዳፊ፦ አንዱ ተዘግቷል። መሀል ሆኖ ጭነቱን ከፋብሪካው ጋር ያገናኝ የነበረው ኢፋብለስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ2017 ዓ.ም. ሥራውን አቆመ። የብዙ ሰው ንድፍ መንገድ ላይ ቀረ።

ጠጋኝ፦ አየሽ!

ነዳፊ፦ ንድፉ ግን ጽሑፍ ነው ጋሼ። ታይኒ ቴፕአውት አይኤችፒ ወደተባለው የጀርመን ፋብሪካ ዞረ፤ ያው ጽሑፍ ለዚያኛው ተሰናድቶ ሊሄድ ይችላል። ቦርዱን የምሥልበት ኪካድም፣ ንድፉን የምሞክርበት ፕሮግራምም ላፕቶፔ ላይ ነው ያለው። ኢንተርኔት የሚያስፈልገኝ ለመላክ ብቻ ነው።

ጠጋኝ፦ ጽሑፍሽ ከአሜሪካ ወደ ጀርመን ይዞራል። የፍኖተ ሰላም ልጅ ግን ዞሮ ዞሮ የሰው በር ላይ ቆሞ ጠባቂ ነው። ይህን አልመለስሽልኝም።

ነዳፊ፦ ልመልስልዎትም አልችልም። ያ በር በቅርብ የኛ የሚሆን አይመስለኝም። የምለው ይህን ያህል ነው፦ በሩ ሲከፈት ጆንያ የሌለው ሰው በሩ ለሱ እንዳልተከፈተ ይቆጠራል። ቡሬ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። እዚያ የሚገባ ማሽን ሁሉ ሆድ ዕቃው ቦርድ ነው። ቦርዱን የሚያነብ ሰው ከየት እንዲመጣ ነው የምንጠብቀው?

ጠጋኝ፦ ማንበብና መጻፍ ለየቅል ናቸው። የተበላሸ ቦርድ ለማንበብ ቺፕ መንደፍ አያስፈልግም። እኔ ምስክር ነኝ። አሁን ወደ ራስሽ ነገር እንመለስ፤ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ሞተሩ እየዞረ ሳለ አንዱን ፊውዝ ብነቅልበት፣ በዚያ በተነቀለው እግር ላይ ቴስተር ብታገቢ ስንት ቮልት ያሳይሻል?

ነዳፊ፦ ዜሮ ነዋ። ፌዙ ተቆርጧል።

ጠጋኝ፦ ዜሮ አያሳይሽም።

ነዳፊ፦ እንዴት?

ጠጋኝ፦ ሞተሩ በሁለቱ ፌዝ እየዞረ በሦስተኛው እግሩ ራሱ ቮልቴጅ ያመነጫል። ጭነቱ ቀላል ከሆነ ከደኅናው ፌዝ እምብዛም አያንስም። ሦስቱም አምፖል እየበራ ሞተሩ ሲከስል ባይኔ አይቻለሁ። ባለቤቱ አምፖሉን እያሳየ፣ ይኸው ፌዙ አለ፣ ያንተ ጥቅልል ነው የማይረባው ይለኛል። ያንቺም ቺፕ እንደ አምፖሉ ነው የምትታለለው። ሦስት ምት ይገባታል፣ ሦስት ትቆጥራለች፣ ሰላም ነው ትላለች።

ነዳፊ፦ ምቱ ብቻ ሳይሆን ርቀቱም ነው የሚቆጠረው። ሞተሩ የሚያመነጨው ከእውነተኛው ፌዝ ትንሽ ይዛነፋል። አንድ ቁጥር 1.8 ዲግሪ ነው። ምን ያህል መዛነፍ እንደምትታገሥ የሚወስኑ ሦስት መግቢያዎች ትቼላታለሁ፤ ላጠብበው እችላለሁ።

ጠጋኝ፦ ስታጠብቢው በዚህ መብራት ላይ ምን ይሆናል? ጎረቤት ያለ ሌላ ሞተር ሲነሣ መስመሩ ሁሉ ይንገዳገዳል። ቺፕሽ ያለ ምክንያት ታጠፋለች። ሁለት ጊዜ ካጠፋችበት ባለወፍጮው ልክ እንደ ኦቨርሎዱ በሽቦ ያልፋታል። ያኔ በዓለም ላይ ያለ ምርጥ ቺፕ ቢሆንም ከሽቦው አይበልጥም።

ነዳፊ፦ ይህን ማንም አልነገረኝም። ያነበብኩት ውስጥም አላየሁት።

ጠጋኝ፦ ንድፉ ደግሞ ተልኳል።

ነዳፊ፦ ተልኳል። ቺፗን ማረም አይቻልም። ቆይ ግን፤ ቺፗ የምታውቀው ምት ነው። ምቱ ከምን እንደመጣ አታውቅም። ከቮልቴጁ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ያልኩትም እዚህ ወረቀት ላይ ነው። ከረንቱስ? ፊውዙ ሲነቀል በዚያ ገመድ ከረንት ያልፋል?

ጠጋኝ፦ ከየት አምጥቶ! መንገዱ ተቆርጧል። ሞተሩ ቮልቴጅ ቢያመነጭም ከረንቱ የሚሄድበት የለውም።

ነዳፊ፦ እንግዲያው ኦፕቶካፕለሮቹን ትቼ በሦስቱ ገመድ ላይ ከረንት የሚለካ ሲቲ አጠልቃለሁ። ከረንቱ በየዙሩ ከኔጋቲቭ ወደ ፖዘቲቭ በተሻገረ ቁጥር አንድ ምት ይሰጠኛል። ከመሀል ሽሚት ትሪገር ያላትን 74ኤችሲ14 አስገባለሁ፤ በዜሮው አካባቢ ያለውን መንቀጥቀጥ ታጠራልኛለች። አንዱ ገመድ ሲቆረጥ የሱ ምት ይጠፋል። የቀሩት ሁለቱ ደግሞ አንዱ ሲሄድ አንዱ የሚመለስ ስለሚሆኑ ርቀታቸው ከ67 ወደ 100 ይዘላል። ሁለት ምስክር ሆነላት ማለት ነው! ሞተሩ ሲቆም ሦስቱም ስለሚጠፉ እንደ መብራት መሄድ ትቆጥረዋለች። ቺፗ ሳትነካ ቦርዱ ብቻ ነው የሚለወጠው።

ጠጋኝ፦ መልካም። አሁን ግን ራስሽን በራስሽ አሰርሽ።

ነዳፊ፦ በምን?

ጠጋኝ፦ ሥራውን የሠራው ቦርዱ ነው። ዋናው ነገር ምቱን ከየት እንደሚወስዱ ማወቅ ከሆነ፣ የመጣውን ምት ማንም ይቆጥረዋል። እዚችው ቦርድሽ ላይ ቺፕሽን እንድታዝ ያስቀመጥሻት ማይክሮኮንትሮለር አለች። እሷ መቁጠር ያቅታታል? ዋጋዋ ርካሽ ነው፣ ብትሳሳቺ ፕሮግራሟን በአምስት ደቂቃ ትቀይሪላታለሽ፣ ብትሞት ሌላ ትገዣለሽ። ያንቺይቱ አንዴ ከተሳሳተች ለዘለዓለም ተሳስታ ትኖራለች። ቺፕሽን ከቦርዱ ላይ ብነቅላት ለባለወፍጮው ምን ይጎድልበታል?

ነዳፊ፦ ምንም።

ጠጋኝ፦ አመንሽ?

ነዳፊ፦ አመንኩ። ለባለወፍጮው ለነገ የሚሆን ነገር ሥሪ ቢሉኝ ማይክሮኮንትሮለሯን ነው የምሰጠው። የኔን ቺፕ እሱ ጋ ወስጄ ተማመንባት አልልም። ግን እርስዎም አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ያ አሁን የነገሩኝ ነገር፣ ሞተሩ ራሱ እያመነጨ አምፖሉን እንደሚያበራ፣ ስንት ዓመት ሆኖዎታል ካወቁት?

ጠጋኝ፦ ሃያ ይሆናል።

ነዳፊ፦ በእነዚያ ሃያ ዓመታት ስንት መምህር፣ ስንት ኢንጂነር ጠየቀዎት?

ጠጋኝ፦ ማን ይጠይቀኛል? ዕቃው ሲበላሽ ያመጡልኛል፣ ሲሠራ ይወስዱታል።

ነዳፊ፦ ሞተር የሚያቃጥለው ነገር እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ሃያ ዓመት ተቀምጧል። ሪሌ የሚነድፈው ሰው ደግሞ ባሕር ማዶ ነው፤ የማንኩሳን መስመር አያውቀውም፣ በሽቦ ማለፍ የሚባል ነገር እንዳለም አልሰማም። እርስዎ ጋ የመጣሁት ቺፕ ስለነደፍኩ ነው። ሪሌውን ገዝቼ ቢሆን ኖሮ የምጠይቅዎት ነገር አልነበረኝም። ማይክሮኮንትሮለሯን ብጠቀም ኖሮ ደግሞ፣ ስሳሳት በአምስት ደቂቃ እየቀየርኩ አሳልፍ ነበር እንጂ ለምን ተሳሳትኩ ብዬ አልመጣም። የማይታረም ነገር ስለሆነ ነው የፈራሁት። ስለፈራሁ ነው የጠየቅሁት።

ጠጋኝ፦ ስለዚህ ሁለተኛይቱን ትነድፊያለሽ ማለት ነው።

ነዳፊ፦ ይቺ ተፈትና ስትወድቅም ስታልፍም አያታለሁ። ሁለተኛይቱ ቮልቴጁንም ከረንቱንም አብራ ታነባለች። መግቢያዋ ስምንት ነው፤ ለሦስቱም ለሦስቱም ይበቃል።

ጠጋኝ፦ ተማሪዎችሽስ? በዚህ ክፍያ ስንቶቹ ይነድፋሉ?

ነዳፊ፦ አንድ ሁለቱ ቢሆኑ ነው። ቦርዱን ግን ሁሉም ይሠሩታል። ባለ 220 ቮልቱን ክፍል መስመሩ ሰፊ ስለሆነ እዚሁ በሚያንጸባርቅ ወረቀት አትመን፣ በካውያ ተኩሰን፣ በአሲድ አጥበን እናወጣዋለን። ቺፗም ራሷ በትንሽ ተሸካሚ ቦርድ ላይ ተበይዳ ስለምትመጣ ጥቃቅን እግሮቿን እኛ አንነካም። ማዘዝ ያለብኝ ያቺን የሚቀበለውን ክፍል ብቻ ነው።

ጠጋኝ፦ የኔ ፍርድ አልተለወጠም። ባለወፍጮው ሪሌውን ይግዛ፣ ኦቨርሎዱንም ከሽቦው ይፍታው። ቺፕሽ የወፍጮ ቤት ዕቃ አይደለችም፤ ዓመትም ሁለት ዓመትም አትሆንም። ቦርዱን ግን ሥሪው። መጀመሪያ ቺፗን ሳትሰኪ ኃይል ስጪው፣ 3.3 ቮልቱን ለኪ፣ አሥር ደቂቃ ቆይተሽ ሬጉሌተሩን በጣትሽ ንኪው። በየኃይል እግሯ ጥግ 100 ናኖ ፋራዱን ካፓሲተር አትርሺ። ለእያንዳንዱ መስመር የቴስተር ጫፍ የሚይዝበት ቦታ ተዪልኝ፤ ፋብሪካዎቹ እሱን እየነፈጉ ነው እኛን ያስለቀሱን።

ነዳፊ፦ ሞተርስ ከየት አገኛለሁ?

ጠጋኝ፦ ያ የማንኩሳው ሞተር ጥቅልሉ ታድሶ እዚህ ቆሟል፤ ባለቤቱ ገንዘቡ እስኪሟላለት ብሎ ትቶት ሄዷል። እሱን አስፈቅጄ ያለ ጭነት እናስነሣዋለን። አምፖሎቹንም እሰቅላለሁ። መሀል ላይ አንዱን ፊውዝ የምነቅለው እኔ ነኝ፤ የትኛውን እንደሆነ አልነግርሽም።